በአካል ይቅረቡ

በእማማ ቲና ልቅሶ ላይ የሲራክ ኪሩቤል ወኪል ጌታውን አዋረደው። እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው ወኪል ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ረድፍ ፊት ተቀምጦ ነበር። የሟቿ ልጅ ወኪል በረድፉ በኩል ሲያልፍ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተና ቀረ። ልጁ አለፈ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ሁሉም ተነሥቶ ተቀመጠ። በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ስለተሰበሩት ወንበሮች ማስታወቂያ በመናገር ላይ ሳለ፣ የሲራክ ወኪል ራሱን በሐዘን ነቅንቆ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ሕዝቡ ሊወጣ ሲነሣ ደግሞ ማልቀስ ጀመረ።

ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ወኪል ልቅሶ ቤት እንዳይስቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ነገር ግን የተበላሸ ልቅሶ ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል። በየሶፋው ላይ ተጋድሞ ያየው ሁሉ ሆዱን ይዞ እንደሳቀ ሲራክ አልጠፋውም። በሌሎች ላይ ሲደርስ እሱም እንዲሁ ሲስቅ ነው የኖረው።

አዳማ ውስጥ፣ ፀሐይ ግቢ በሚባለው ኮንዶሚኒየም፣ ልቅሶ በእግር መድረስ ከቀረ ቆይቷል። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ በየስልኩ ይነፋል፤ የቤቱ ኮምፒውተር ይሰማና የባለቤቱን መልክና ድምፅ የያዘውን ወኪል አልብሶ ወደ ግቢው ድንኳን ይልካል። ባለቤቱ ከፈለገ የሟቹ ስም ይነገረዋል። አብዛኛው ሰው ግን ስም መስማቱን አዘግቶታል፤ ሲራክም አዘግቶታል፤ ሥራ ያስፈታል። ሥራ የሚኬደው አሁንም በአካል ነው፤ ደሞዝ አለዋ። ሰርግም የሚኬደው በአካል ነው፤ ሥጋ አለዋ። ወኪል የተፈጠረው ምንም ለማይገኝበት ነገር ነው።

ኮምፒውተሩ ዘግይቶ ወኪሉ ልቅሶ ያበላሸበት ቤት «በአካል ይቅረቡ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ይህ ቅጣት ነው። ድንኳኑ ሳይፈርስ ከቤቱ አንድ ሰው በገዛ እግሩ ይወርድና፣ ከኋላ፣ የንፍሮው ጎላ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ልቅሶው እስኪያልቅ ይቀመጣል። ኮምፒውተር ለምን እንደሚዘገይ ደግሞ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ጌም ነው። ትልልቅ ሰዎች በራቸውን ዘግተው ጌም ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ጌሙ ማሽኑን ግጦ ይጨርሰዋል፤ ለወኪሉ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራ ፈትነቱ ግንባሩ ላይ የተጻፈበት ያህል ነው።

ሲራክ እነዚያን ሰዎች ይጸየፋቸው ነበር። ያስነጥሳሉ። ካልሲያቸው ይሸታል። ንፍሮ እየቃሙ ኮንከር ይጫወታሉ፤ ሰው ሞቶ ካርታ። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስጠላው ሽኩር የሚባለው ጡረተኛ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት አግዳሚው ላይ አይጠፋም፤ ደግሞ አያፍርም። ሲራክ ግን የሚያፍር ሰው ነው። በዚያ ላይ ለእድሩ ዳኝነት ተወዳድሯል። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተናግሮ የሚሰማው የለም፤ ግቢው ውስጥ እንኳ ሲናገር ዝም የሚሉለት ሰዎች ይፈልጋል፤ ወኪሎችም ቢሆኑ። ምርጫው ቀርቧል። ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቤት ደግሞ አይመረጥም።

መልእክቱ ሲደርሰው ወጥ ቤት ቆሞ ነበር። አነበበውና ደሙ ፈላ።

«እኔ እሄድልሃለሁ» አለ አባቱ ከበረንዳው።

ጋሽ ኪሩቤል በጉልምስናው የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ወዲህ ሥራው እዚህ በረንዳ ላይ መቀመጥ ነው። ልጁ ምስጋናውን ሳይጨርስ ሽማግሌው ኮቱን ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሲራክ ጫማውን አየው፤ ምንም አልጠረጠረም። ብልህ ነኝ እያለ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

አባትየው የተመለሰው ኪሱ ውስጥ ንፍሮ ይዞ፣ ጉንጩ ቀልቶ ነው።

«ሽኩር ጥርሱን አስነቅሏል» አለ ገና በሩን ሳይዘጋ። «ኮንከር ላይ ግን ያው ሌባ ነው።»

«ሰው ሞቶ ነው የሄድከው፣ አባዬ።»

«አዎ፣ ቲናን ነው የቀበርናት። እናትህ ታማ የተኛች ጊዜ በጀርባዋ አዝላህ ትውል ነበር። ታስታውሳታለህ?»

ሲራክ አላስታወሰም። «እጅህን ታጠብ» አለው።

ቅዳሜን ሙሉ ኮምፒውተሩን ሲጠግን ዋለ። መጀመሪያ አጥፍቶ አስነሣው፤ የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ይህ ነው። አልተሻለውም። ጀርባውን ፈትቶ የማቀዝቀዣውን አቧራ እፍ ቢለው አቧራው ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ቦታ ለማስለቀቅ ፎቶ መሰረዝ ያዘ፤ የማያውቃቸውን ዘመዶች፣ የሚያውቃቸውን ግን የማይወዳቸውን ዘመዶች፣ የእህቱን ልጅ ክርስትና። የተቀዳውን የእናቱን ድምፅ ተወው፤ አዝኖ አይደለም፣ ቦታ ስለማይዝ ነው። በመጨረሻ ማሽኑን ነፋስ እንዲያገኘው መስኮቱ ሥር አስጠጋና እጁን አራግፎ ቆመ፤ መሐንዲስ የሆነ መሰለው።

በሳምንቱ ሌላ ሰው ሞተ። የሲራክ ወኪል ድንኳኑ ውስጥ ሊቀመጥ ሲል፣ መቀመጫው ከወንበሩ ሳይደርስ፣ እንደ ጎበጠ ደርቆ ቀረ። መልእክቱ መጣ። ጋሽ ኪሩቤል ያንኑ ያብረቀረቀ ጫማውን አድርጎ ወረደ።

ያን ጊዜ ሲራክ ቴክኒሻን ጠራ። ሐመልማል ትባላለች። ማስቲካዋን እያኘከች ገባችና ከሰላምታ በፊት መዳፏን ማሽኑ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚነኩት።

«ማነው ጌም የሚጫወተው?»

«እዚህ ቤት ጌም የለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

«እኔ የእድር ዳኛ እጩ ነኝ!»

«እሱ ጌም ከመጫወት አይከለክልም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ ምላሷን ጠቅ አደረገች። «ይኸው። ሲጨርሱ መስኮቱን ብቻ ነው የሚዘጉት። ጌሙ አልወጣም፤ ከኋላ ተቀምጦ ማሽኑን ይበላል። ወኪልዎ ምን ያድርግ? ተርቦ ነው ልቅሶ የሚሄደው።»

የኮምፒውተሩ ስክሪን በሆነው የሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ተሳቢ ያለው አሮጌ ከባድ መኪና ወጣ። አዋሽ ነው፤ ከከተማው መውጫ፣ የአስፋልቱ ዳር። መብራቱ በርቷል፤ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ጭስ ማውጫው ይንተከተካል። መሪው ላይ ሰው የለም።

«የጂቡቲ መንገድ ይባላል» አለች ሐመልማል። «የሽማግሌ ጌም ነው፤ ማሽን ላይ ግን የዚህን ያህል የሚከብድ የለም፤ መንገድ ዳር ያለችውን ጠጠር ሁሉ ይሥላል።» ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አየች። «የሚገርመው ግን አልተነዳም። ትንሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሞተሩን ያስነሡታል፣ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ይሄዳሉ። በዚህ ግቢ ሌላም ቤት እንዲህ አይቻለሁ። ከፍተው አይጫወቱም።»

«ለምን?»

«አልጠየቅኩም። የተጠራሁት ማሽን ለማየት ነው።»

ሞተር አሙቆ መተው የማን ልማድ እንደሆነ ሲራክ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ልጅ ሳለ አባቱ ለጉዞ ሲነሣ መኪናውን አስነሥቶ ቁርሱን ሊበላ ይመለስ ነበር፤ ሰፈሩ በጭስ ይታፈን ነበር።

«አጥፊው» አላት።

«ያለባለቤቱ ፈቃድ አይጠፋም። በሽማግሌው ስም ነው።»

«እንግዲያው ቆልፊው። በእኔ ጣት ካልሆነ እንዳይከፈት።»

ቆለፈችው። ማሽኑም ወዲያው ቀለል አለውና ድምፁን አጠፋ።

አባቱ ከድንኳን ሲመለስ ሲራክ ሳሎን ቆሞ ጠበቀው።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩን የምታዘገየው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው፤ አልደበቀም።

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ ነው እንጂ። ሞተር ሳላሞቅ ከቤት ወጥቼ አውቃለሁ?»

«እኔ እዚህ ስሜን ለማቆም እሞታለሁ፤ አንተ ለንፍሮ ብለህ ታዋርደኛለህ!»

ጋሽ ኪሩቤል ኮቱን አውልቆ በወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። «ለንፍሮ አይደለም። አንተ ትወጣለህ፣ ትመለሳለህ፣ ስልክህን ይዘህ ትተኛለህ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ፍሪጁ ነው፤ እሱም ወተት አለቀ ሊለኝ ነው። መጀመሪያ እኮ ዝም ብዬ ወርጄ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ‹ወኪልዎ ውስጥ አሉ፤ ሁለት ጊዜ አይገባም› ብሎ መለሰኝ። የተቀጣ ብቻ ነው በአካል የሚገባው አለኝ። እኔም ተቀጣሁ።»

«እነዚያ ሁሉ…»

«ሽኩር በእግር ኳስ ነው የሚያዘገየው። ወይዘሮ ሊዲያ የዘንዶ ጌም ትከፍታለች። ትከፍተውና መስኮቱን ዘግታ ጸጉሯን ትሠራለች። ማን ይጫወታል ብለህ ነው? መጫወቻው እታች ነው።»

ሲራክ ይህን ሰምቶ ትንሽ እንኳ ቢከፋው ኖሮ ስለ እሱ ሌላ ነገር እንናገር ነበር። እሱ ግን የታየው ምርጫው ነው። የሥራ ፈቶች ማኅበር በገዛ ቤቱ ውስጥ አባል እንዳለው ቢታወቅ ምን ይባላል?

«ጌሙ ተቆልፏል» አለ።

ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞረ። ሊለምነው ይሆናል ብሎ ሲራክ ፊቱን ቀድሞ አጠቆረ። ጋሽ ኪሩቤል አልለመነውም። ጫማውን አወለቀና አልጋው ሥር አስገባው።

በምርጫው ቀን ወኪሎቹ እጅ አወጡ፤ ሲራክ ዳኛ ሆነ። ንግግር አደረገ፤ በትክክል ለመናገር ወኪሉ አደረገ፤ «ድንኳናችን ንጹሕ ይሆናል» አለ። የመጀመሪያ ውሳኔውም በአግዳሚውና በወኪሎቹ ረድፍ መካከል ወፍራም መጋረጃ እንዲዘረጋ ማዘዝ ነበር፤ የተቀጡት ሲያስነጥሱ ሐዘኑ ይረበሻል። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር የሲራክ ወኪል እንባው በሰዓቱ ይወርዳል፤ ድምፁ በሚገባው ቦታ ይሰበራል። እንደ ዳኛው የሚያለቅስ የለም ተባለ።

ጋሽ ኪሩቤል በረንዳው ላይ ሆኖ ድንኳኑን ከላይ ያየው ነበር። ሽኩር ሽንት ቤት ሊሄድ ከመጋረጃው ኋላ ሲወጣ ቀና ብሎ እጁን ያወዛውዝለታል፤ እሱም ያወዛውዛል። «ኪሩቤል፣ ማሽንህ ምነው ጤና ሆነ?» ብሎ ጮኾ ጠየቀው አንድ ቀን። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ወደ ቤቱ ውስጥ አመለከተ። ሲራክ ይህን አይቶ በረንዳው ላይ መጋረጃ ስለመስቀል አሰበ፤ ከዚያ ረሳው። ክረምቱ ሲገባ አባትየው በረንዳ መውጣቱን ቀነሰ፤ ልጁ ብርዱ ነው አለ።

አንድ ጠዋት ሲራክ ወደ ሥራ ሲወጣ በመኝታ ቤቱ በር በኩል «ሄጃለሁ» አለ። አባቱ አልመለሰለትም። ተኝቷል ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከምሳ በፊት ስልኩ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። የሟቹን ስም መስማት ስላዘጋ አልተነገረው። ስብሰባ ላይ ስለነበር የጡሩምባውንም ድምፅ ዝቅ አደረገው። ከሥራ ወጥቶ ግቢው ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። «ደግሞ ማን ሞተ?» አለና አጠገቡ አልፎ ወደ ቤቱ ወጣ።

የአባቱ አልጋ ባዶ ነበር፤ አንሶላው ተነሥቷል። ጫማው ግን ከአልጋው ሥር አልወጣም። ሲራክ «አባዬ» ብሎ ወጥ ቤቱን አየ፤ በረንዳውን አየ። የሳሎኑ ግድግዳ በራ። ኮምፒውተሩ የአባትየውን ሞት ለእድሩ ማሳወቁን፣ አስከሬኑ ለነገው ቀብር በእድሩ መኪና መወሰዱን፣ ወኪሉም በባለሐዘን ቦታ መቀመጡን ገልጾ፣ ከሥሩ «ሐዘንዎ በጥሩ ሁኔታ በመከናወን ላይ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ድንኳኑ በር ላይ ዘበኛው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ዳኛ።»

«አስገባኝ።»

«ወኪልዎ ውስጥ አሉ፤ ሁለት ጊዜ አይገባም።»

«አባቴ ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ። በጥሩ ሁኔታ እየተቀበሉ ነው፤ ሁሉም እያደነቀ ነው።»

«ወኪሉን ላስወጣው እችላለሁ።»

«ይችላሉ። ባለሐዘን የሌለበት ልቅሶ ሆኖ ድንኳኑ ይፈርሳል። ደንቡን ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል።» ዘበኛው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «በአካል የሚገባው የተቀጣ ነው።»

በድንኳኑ ክፍተት በኩል ሲራክ ራሱን አየው። ራሱ ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሚያልፉትን ወኪሎች በየተራ «አሜን» ይላል። ያምራል። አባቱን ከእሱ ይበልጥ የሚወድ ይመስላል። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ሌላ ልቅሶ ይሰማል፤ ወፍራም፣ የሚጎረብጥ፣ ንፍጡን ለመናፈጥ እያቋረጠ የሚቀጥል የሽኩር ልቅሶ። «ኪሩቤል፣ ካርታውን ሳትመልስልኝ፣» ይላል፤ «ኪሩቤል፣ እኔ ደግሞ ማንን ላጭበርብር?» ወይዘሮ ሊዲያ እየተነፋረቀች ዝም በል ትለዋለች፤ እሱ ግን ዝም አይልም።

ሲራክ ይጸየፋቸው የነበሩት ሰዎች አባቱን እያለቀሱለት ነው፤ እሱ ውጭ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ሲንቅ የኖረ ሰው የሚንቀው ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እንባ የሚባል ነገር አልመጣለትም። ተመልሶ ደረጃውን ወጣ።

ኮምፒውተሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ቁልፉ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ አዋሽ መጣ፤ መኪናው አባቱ ባቆመበት የአስፋልት ዳር እንደቆመ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቷል። ሲራክ ጌም ተጫውቶ አያውቅምና የቱን እንደሚነካ ግራ ገባው። የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሣ፤ ጡሩምባውን አስጮኸ፤ አንዴ የፊት መብራቱን አጠፋ። የትኛውም ሕፃን በአፍታ የሚያደርገውን ነገር ሲታገል ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ቁልፉን አገኘው። ሞተሩ አስነጠሰና ተነሣ፤ ጭስ ማውጫው መንተክተክ ጀመረ።

አልነዳውም። መስኮቱን ዘጋና መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ቆመ። ማሽኑ ቀስ እያለ ሞቀ፤ ከዚያ ጋለ፤ ማቀዝቀዣው ማጓራት ጀመረ። ከታች፣ በበረንዳው በኩል፣ የገዛ ድምፁ «አሜን» ሲል ይሰማው ነበር። «አሜን» አለ። «አሜ» አለ። ዝም አለ።

ስልኩ ጮኸ። «በአካል ይቅረቡ።»

የራሱን ጫማ አደረገ፤ አልተወለወለም። ዘበኛው መልእክቱን ከስልኩ አነበበና ቀና ብሎ አየው።

«ቅጣት ነው?»

«ቅጣት ነው» አለ ሲራክ።

ዘበኛው በኋላው በር እንዲገባ አሳየው። ሲራክ ራሱ ያሰቀለውን መጋረጃ ገልጦ ገባ። አግዳሚው ላይ ካርታው አልተበተነም፤ ማንም አልተነሣለትም። ወይዘሮ ሊዲያ ፊቷን አዞረች። ሽኩር ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ ጥርሱ በጎደለበት በኩል ንፍሮ እያላመጠ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና ፈቀቅ አለለት። ሲራክ አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ሲል እንደ ጎበጠ ትንሽ ቆመ፤ ቀጥሎ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናህ፣ ልጄ» አለው ሽኩር።

ሲራክ አፉን ከፈተና ቀረ።

ሽኩር አልቸኮለም፤ ጠበቀው።